የሙሽሪት ወገን

እናቴ ካረፈች በኋላ እሑድ ከባድ ቀን ሆነብኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ አለ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ከመስታወት ጀርባ ቆሜ መድኃኒት አድላለሁ። ሰው የሐኪም ወረቀቱን በጠባቧ ቀዳዳ ያቀብለኛል፤ እኔም ኪኒኑን በትንሽ ፖስታ አድርጌ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» እለዋለሁ፤ ይቀበልና ይሄዳል። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀኛል ማለት ይቻላል፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን የለም። ነርስ ባልሆንም ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ገበያ ላይ ከመስታወቱ ውጪ ሲያገኙኝ፣ ፊቴን የት እንደሚያውቁት ለማስታወስ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ያልፋሉ።

እናቴ በሕይወት እያለች እሑድ የእሷ ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እግሯን በሞቀ ውሃ አጥባለሁ፣ ጸጉሯን እሠራታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳው ላይ አስቀምጣታለሁ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እያየች ትተቻለች። የዚያ ባርኔጣ፣ የዚያች አረማመድ፣ የዚያ ልጅ አባቱን መምሰል፤ አንዱም አያመልጣትም። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ የሞተው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። እኔም አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ ሰው ነበር። ሥራው ወደ ሩቅ ቦታ ተዛወረ። እናቴን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም፤ እሷም ቤቷን ትታ መሄድ አልሆነላትም። እንዲሁ ዓመታት ሄዱ።

ከአርባዋ በኋላ ሰው ወደየቤቱ ገባ። ጎረቤቶቼን አላማም፤ ሳምንታት ሙሉ ሳይለዩኝ ከርመዋል። ግን ለቅሶም የሚያልቅበት ጊዜ አለው፤ የእነሱ ካለቀ በኋላ የእኔ ገና ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ነጠላዬን ሳላወርድ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳዳምጥ ይመሽ ጀመር። አንድ ሰኞ አብራኝ የምትሠራው ሴት ፊቴን አይታ፣ እሑድ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷ እሑድ እሑድ ልጆቿን ፓርክ እንደምትወስድ፣ እኔም ብሄድ ቢያንስ አየር እንደማገኝ ነገረችኝ። አብረን እንሂድ አላለችኝም። ለክፋት አልነበረም፤ አልመጣላትም።

ፓርኩ ሲሉት ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ዳር፣ ቤቶች እየሳሱ ሄደው ቡናና እንሰት በሚጀምሩበት በኩል ያለ፣ ቀድሞ ችግኝ ጣቢያ የነበረ ቦታ ነው። ከበስተኋላው ያለችውን ጫካ ማንም እንዳይቆርጣት አጥረዋታል። ከፊት ለፊቷ ደግሞ የአበባ መደቦች፣ በድንጋይ የተነጠፉ የእግር መንገዶች፣ ሻይ ቤትና አግዳሚ ወንበሮች ሠርተዋል። መሃሉ ላይ ውሃ ሲረጭ አይቼው የማላውቅ ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው ጀርባ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ወደ ጫካው አፍ ይወጣል። ከደረጃው በላይ ዋንዛውና ዝግባው ሽበት አብቅለው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡናና ኮረሪማ ይበቅላል፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ የረገፈው ጠል እንደ ዝናብ ይወርዳል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከደረጃው በላይ ወጥቼ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጨለም ይላል። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ለማሳለፍ ሣሩ ውስጥ እቆማለሁ። እየደጋገምኩ ሣር ውስጥ መቆሙ ሲሰለቸኝ ተመለስኩና ከፏፏቴው ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ በባጃጅ እዚያው እመጣለሁ። ዝናቡ ካልከፋ በቀር ቀርቼ አላውቅም። አንዳንዴ ሻይ አዛለሁ፤ አንዳንዴ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጎኔ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው «ሰው አለው?» ብሎ ይጠይቀኛል። «የለውም» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ግን ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ልጁን አስቀምጦ ጫማውን ያስርለትና ይሄዳል።

ከፋሲካ በኋላ ሙሽሮች መምጣት ጀመሩ። ሚዛን ውስጥ ያገባ ሰው ፎቶ ሳይነሣ የማያልፍበት ቦታ እሱ ሆኗል። ከአግዳሚዬ ላይ ሆኜ ብዙ ሠርግ አይቻለሁ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን እንደሚያይ እኔ ሠርግ አያለሁ ማለት ነው። ቪዲዮ አንሺው ምን ብሎ እንደሚያዝዝ በቃሌ ያዝኩ። መጀመሪያ ሙሽሮቹ ብቻቸውን በአበባው መሃል ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሚዜዎቹ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ የሙሽራው ወገን፤ ከዚያ የሙሽሪት ወገን። ሙሽሪት እናቷ አጠገብ ስትቆም ነው ብዙ ጊዜ የምታለቅሰው። ያን ጊዜ እኔ ወደ ሻይ ቤቱ እዞራለሁ።

ያ እሑድ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ያባራበት ቀን ነበር። ወንበሩ እርጥብ ስለሆነ ላስቲክ አንጥፌ ተቀምጫለሁ። መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ መጡ፤ ከኋላቸው ከቴፒ ሰው ጭነው የመጡ አውቶቡሶች ቆሙ። ሙሽራው ረጅም፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ልጅ ነው። ሙሽሪትን ሚዜዎቿ ቬሎዋ ጭቃ እንዳይነካው ከግራና ከቀኝ ከፍ አድርገው ይዘውላት ገባች። ሁሉም በተለመደው ቅደም ተከተል ሄደ። ቪዲዮ አንሺው «የሙሽራው ወገን!» ብሎ ተጣራ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች ሞላ፤ አያቶች፣ አክስቶች፣ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት። ተነሥተው ሲወርዱ «የሙሽሪት ወገን!» አለ። ማንም አልተነቃነቀም። ደግሞ ተጣራ። ሙሽሪት ደረጃው መሃል ላይ አበባዋን ይዛ ብቻዋን ቆማ የፓርኩን በር ታያለች። የቴፒ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከሚዜዎቹ አንዷ ወደ ሙሽሪት ጠጋ ብላ ጥቂት ተነጋገሩና፣ ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች። ወደ ሻይ ቤቱ የምትሄድ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩላት። እሷ ግን ፊቴ ቆመች።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ።

ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። ሙሽሪት የማጂ ልጅ ናት። ወላጆቿና አጎቶቿ ለሠርጉ ብለው ከማጂ ከተነሡ ቀናት አልፈዋል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ አፈር ተንዶ ማለፍ አልቻሉም። ስልካቸው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ሠርጉን እንዳያስተላልፉት ድግሱ ተደግሷል፤ የቴፒ ሰዎችም መጥተዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወላጆቿ ቦታ የቆሙላት የጉባኤው ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ጸሎቱ እንዳለቀ ወደ አዳራሹ ሄደዋል። አሁን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ በቀር የእሷ የሚባል ሰው የለም።

«እናት የሚመስል ሰው አጠገቧ እንዲቆምላት ነው» አለችኝ። «ነጠላም ለብሰዋል።»

ሙሽሪትን እንደማላውቃት ነገርኳት። ሚዜዋ አልተመለሰችም። «እሷ ግን ታውቅዎታለች። ‹ሲስተር ናቸው፤ ሄደሽ ለምኚልኝ› ብላ የላከችኝ እሷ ናት» አለችኝ።

ተነሣሁ። ቀሚሴ በስተኋላ እርጥብ መሆኑን ያወቅሁት ስነሣ ነው፤ ነጠላዬን ወደ ታች ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ በፏፏቴው ዙሪያ ሄጄ ደረጃውን ወጣሁ። ሙሽሪት ቅርብ ሆኜ ሳያት ገና ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ጨጓራዋን ያማት ስለነበር በየጊዜው መስታወቴ ፊት ትቆም እንደነበር በፍጥነት ነገረችኝ። «አያስታውሱኝም፤ ብዙ ሰው ነው የሚያዩት» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አላስታወስኳትም። አጠገቧ ቆምኩ። እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው፤ አያያዟም ጠንካራ። ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም፤ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሄዷል።

«ቀና በይ» አልኳት በዝግታ። «አንገትሽ ፎቶው ላይ ይጠፋል።»

ቀና አለች። ቪዲዮ አንሺው ማንነቴን አያውቅም፤ የነገረውም የለም። «እናት፣ ትንሽ ወደ ግራ! እናት፣ ወደ ካሜራው!» እያለ ያዝዘኛል። መጀመሪያ ሲጠራኝ ሌላ ሰው የሚጠራ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ሲደጋግመው እየለመድኩት ሄድኩ። ደረጃው ላይ አነሣን፤ አበባው አጠገብ አነሣን፤ ዋንዛው ሥር ሙሽሪትን ግንባሯን እንድስማት አዘዘኝና ሳምኳት። ከዚያ እሷና ሙሽራው ለብቻቸው ሲነሡ የአበባ እቅፏን እኔ ያዝኩላት።

ከዚያ በኋላ ወደ ወንበሬ ለመመለስ አስቤ ነበር። ሚዜዋ ግን ክንዴን ይዛ ከመኪናው አስገባችኝ። የአዳራሹ የሙሽሪት ወገን ጠረጴዛ ባዶውን እንዳይሆን ነበር ጭንቀቷ። እውነትም አዳራሹ ስንገባ፣ ከሙሽሮቹ በስተቀኝ ለቤተሰቡ የተዘጋጀው ረጅም ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበት፣ ውሃው ተደርድሮበት፣ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። እኔን መሃል አስቀመጡኝ፤ ጓደኞቿ ግራና ቀኜን ተከፋፈሉት። የሙሽራው እናት መጣች፤ ነገሩን ታውቃለች። ትከሻዬን አቅፋ አመሰገነችኝና ሳህኔን ራሷ ሞልታ አመጣችልኝ። እህቶቿን እየጠራች ታስተዋውቀኝ ጀመር፤ ምን ብላ እንደምታስተዋውቀኝ ግን ስትቸገር አየሁ። «የእኛ እንግዳ» ማለቱን መረጠች።

በኋላ የሙሽራውን ወንድ አያት እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። በጣም ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ማንም አላስረዳቸውም፤ ወይም አስረድቷቸው አልሰሙም። ተነሥቼ ሰላም ስላቸው ሁለቱን እጆቼን ያዙና አሳድገን ልጃችንን ስለሰጠናቸው አመሰገኑኝ። የሙሽራውን እናት አየኋት። በዓይኗ ተዪው አለችኝ። «አሜን፤ በሰላም ያኑራቸው» አልኩ። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም።

«በልጅነቷ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ።

አዳራሹ በመዝሙር ተሞልቷል፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠግተው መልሴን ይጠብቃሉ። ስለ ልጅቷ የማውቀው ነገር ጨጓራዋን ታማ እንደነበርና መድኃኒቷን በየጊዜው መጥታ ትወስድ እንደነበር ብቻ ነው። «የተባለችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ለያዛቸው ሰው ደግመው ነገሩት።

ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ። ሙሽሪትን መሰናበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰው ከቧታል። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ገና ብርሃን ነበር። ቀሚሴን አውልቄ አሰጣሁት። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጣሁና እንደገና ገባሁ። ያን ቀን የነበረውን ለአንድ ሰው መንገር ፈለግሁ። እናቴ ብትኖር ሌሊቱን ሙሉ ታስወራኝ ነበር፤ የሙሽራው አክስቶች ምን እንደለበሱ ሳይቀር። ስልኬን አውጥቼ ያሉኝን ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደውዬ የምነግረው ሰው አጣሁ። ከዚያ በፊት የማዝነው ለእናቴ ነበር። ያን ቀን ግን ያንን ረጅም ጠረጴዛ፣ «እናት ወደ ግራ» ያለኝን ሰው፣ የኔ ያልሆነውን ነገር ሁሉ ስመኝ ራሴን አገኘሁት፤ ይህኛው ከፊተኛው ከበደኝ።

ሳምንታት አለፉ። ረስቼው ነበር ማለት ባልችልም ሥራው ያዘኝ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ገበያው አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ራሴን አየሁ። ትልቅ አድርገው አሳትመውት፣ በወርቃማ ፍሬም ከተውታል። ዋንዛው ሥር ሙሽሪትን ግንባሯን ስስማት ነው። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሰው ባያውቅ፣ ልጇን ከምትድር እናት ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሥራ ቦታ ደረሰ። አብራኝ የምትሠራዋ ሳቀች፤ ታሪኩን ስነግራት ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዲት ጎረቤቴ ግን ሳልጠራት ልጅ የዳርኩ መስሏት ተቀየመችኝ። ልጅ እንደሌለኝ እያወቀች፣ ያሳደግኋት የዘመድ ልጅ ትኖረኝ ይሆናል ብላ ነው። በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ አስረዳኋት። ከዚያ ሌላው መጣ፤ እሱንም አስረዳሁት። ከመስታወቱ ማዶ የቆሙት ደንበኞቼ ግን በዙብኝ። ወረቀታቸውን ሲያቀብሉኝ «ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለዎት» ይሉኛል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላ የሚያስለው አለ፤ ሁሉንም ማስረዳት አይቻልም። «አመሰግናለሁ። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ማለት ጀመርኩ። በፎቶ ቤቱ በኩል ማለፍ አልተውኩም። አጭሩ መንገድ በሌላ በኩል ቢሆንም።

ክረምቱ አልፎ፣ ቡናው ቀልቶ ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ በነበረበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ውስጥ የቆመች ሴት ተራዋ ደርሶ መስታወቴ ፊት ቆመች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ጋቢ ደርባለች። እጄን በቀዳዳዋ አሳልፌ ወረቀቷን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

«ወረቀት የለኝም» አለችኝ። «የሙሽራዋ እናት ነኝ።»

ከኋላዋ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሥራ እስክጨርስ ውጪ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስወጣ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ምግብ ልጋብዛት ብል አልፈለገችም። ልጇ የቆመችበትን ቦታ እንዳሳያት ነው የፈለገችው። ባጃጅ ይዘን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከዳር ዳር የተሰጣውን ቡና ታያለች። ልጇ ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ቴፒ እንደገባችና እሷም ወደዚያ እየሄደች መሆኗን ብቻ ነገረችኝ።

አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ በሌላ ቋንቋ አፏን የፈታች ሰው አማርኛ ግን ነው። «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኔንም፣ የፓርኩን ትኬት ቆራጭም፣ ባጃጅ ነጂውንም እኩል «አንተ፣ አንቺ» ትላለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከባልደረባዬና ከጥቂት ጎረቤቶቼ በቀር «አንቺ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

የሥራ ቀን ስለነበር ፓርኩ ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ደረጃውን ወጥተን የቆምንበትን ቦታ አሳየኋት። እኔ የቆምኩበት ላይ ቆመች። ወደ በሩ አየች። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተቆጥቼብሽ ነበር» አለችኝ። «ልጄ ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። አንቺን አየሁ፤ በእኔ ቦታ። እህል አልበላ አለኝ።»

መቆጣቷ ልክ እንደሆነ ነገርኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እሷም የዚያን ቀን የት እንደዋሉ ትነግረኝ ጀመር። ከተናደው አፈር ወዲያ ያለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነበሩ። የሠርግ ልብሳቸውን ጠዋት ለብሰዋል፤ ማን እንደሚያያቸው ሳያስቡ ለበሱት። ለሙሽሮቹ የያዙትን ማር አጠገባቸው አስቀምጠው የአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተቀመጡ። ዝናቡ እዚያ አላባራም ነበር።

«ባሌ ሰዓቱን አየና ‹አሁን ጸሎቱ አልቋል› አለኝ። ተነሥቼ እልል አልኩ። የሱቁ ሴቶችም ወጥተው አብረውኝ እልል አሉ። ከዚያ ተቀመጥኩ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሠርጉ ትጠይቀኝ ጀመር፤ የምትጠይቀኝንም ሁሉ ልጇን ጠይቃ በቂ መልስ እንዳላገኘች ገባኝ። ልጅ እናቷ እንዳታዝን ብላ ሁሉም ጥሩ ነበር ትላለች። እኔ የምደብቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ልጇ አልቅሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላለቀሰችም ግን እጇ በረዶ ሆኖ ነበር፣ ዓይኗንም ከበሩ ላይ አላነሣችም አልኳት። በልታ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሰው ከቧት ስለነበር አላየሁም አልኳት። ጫማዋ እግሯን ጎድቷት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ደረጃውን ስትወርድ ታነክስ ነበር አልኳት። እያንዳንዱን መልስ ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለችው።

«ምን አልሻት?» አለችኝ በመጨረሻ። «አጠገቧ ስትቆሚ ምን አልሻት?»

አፈርኩ። የሆነ ትልቅ ነገር፣ ምርቃት ቢጤ ብያት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። «‹ቀና በይ፤ አንገትሽ ፎቶው ላይ ይጠፋል› ነው ያልኳት» አልኩ።

ሴትዮዋ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ከሆዷ የሚወጣ፣ ጋቢዋን የሚያወዛውዝ ሳቅ ነው። ልጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትፈራ አንገቷን ወደ ውስጥ እንደምታስገባ፣ ትምህርት ቤት ስትልካትም፣ ዩኒቨርሲቲ ስትሸኛትም «ቀና በይ» ብላ እንደምትሸኛት እየሳቀች ነገረችኝ። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። አላበሰችውም። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

በስልኬ ፎቶ ላንሣት ብዬ ጠየቅኋት፤ ልጇ በቆመችበት ቦታ ላይ። አልፈለገችም። ያለ ልጇ ምን ያደርግላታል? ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ልጅ የለሽም?»

«የለኝም።»

«ባል?»

«አላገባሁም። እናቴ ነበረች።»

«ታዲያ ማን ያይሻል?»

የጠየቀችኝ እንዲሁ ነው፤ ውሃው ከየት ይቀዳል ብላ እንደምትጠይቅ። እሷም አልደገመችውም። በሩ ሊዘጋ መሆኑን ዘበኛው እስኪነግረን ድረስ ተቀምጠን ጉሬዛዎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ አየን።

እቤቴ እንድታድር ለመንኳት፤ የአገሯ ሰዎች ዘንድ ዕቃዋን አስቀምጣ ነበርና እነሱ ጋ አደረች። በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ሳልገባ፣ መናኸሪያ ሄድኩላት። የቴፒው ሚኒባስ ሊሞላ ደርሷል። ልጇ ነፍሰ ጡር መሆኗን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ አጠገቧ ሆና ልታርሳት፣ እስክትጠና ልትከርም ነው የምትሄደው። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል አየችኝ፤ ከዚያ ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ነይ ግቢ» አለችኝ። «ልጅቷ ደስ ይላታል። ሁለት ቀን ውለሽ ትመለሻለሽ።»

ሥራ እንዳለብኝ ነገርኳት። ሥራ ነበረብኝ፤ ግን አንድ ስልክ ብደውል ባልደረባዬ ትሸፍንልኝ ነበር፤ ስንት ጊዜ ለልጆቿ ስትል ሸፍኜላታለሁ። ልብስም አልያዝኩም አልኳት። እሷ አልተከራከረችኝም። ረዳቱ «ቴፒ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሮጦ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ። እጇን በመስኮቱ አውጥታ ጨበጠችኝና ሄዱ።

ለምን እንዳልገባሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቴፒ ሩቅ አይደለም። እዚያ ስደርስ ምን ተብዬ እንደምተዋወቅ፣ በየትኛው ወንበር እንደምቀመጥ፣ መቼ መነሣት እንዳለብኝ የማላውቅ ሆኖብኝ ይሆናል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሰው ቦታ ላይ መቆም ይቻላል። ከዚያ በላይ እንዴት እንደሚቆም አላውቅበትም። መናኸሪያው ውስጥ ትንሽ ቆምኩ፤ ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄደው መኪና ረዳት ተሳፋሪ መስዬው ዘንቢል ካለኝ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እንደማልሄድ ነገርኩትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ቴፒ እያለች በየሳምንቱ ነበር፤ ወደ ማጂ ከተመለሰች በኋላ መስመሩ ሲገኝ ብቻ ነው። ስለ ላሟ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ባሏ ጉልበት ታወራኛለች። ልጇ ስትወልድ መጀመሪያ የነገረችኝ እሷ ናት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ሰልፉን አስቁሜ ወደ መጋዘኑ ገብቼ አነሣሁት። መስመሩ ይቆራረጣል። ሴት ልጅ መሆኗን፣ እናትየዋም ደህና መሆኗን ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ማለት ጀመረችና ድምጿ ጠፋ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ በካርቶኖቹ መሃል ብቻዬን ቆሜ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እልል አልኩ።